ያሽርዎ

ከሚሪያ የጓድ ግዛውን ቁርጭምጭሚት በሁለት አውራ ጣቶቿ ይዛ፣ በሰሊጥ ዘይት እያሸች የዞረውን ጅማት ትፈልጋለች። መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ እግሩ ወለም ያለው ሁሉ የሚጠራት የወሎ ወጌሻ ናት። ጅዳ፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ ድረስ የወረደችው ግን ለእሽት አልነበረም። የፓስፖርቷ ዘመን ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። እሱ ካልታደሰ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ ኢቃማ ከሌለ ደግሞ ከፊሏ፣ ዋስ የሆናት ሳዑዲ፣ «ኸላስ፣ አገርሽ ግቢ» ብሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ከተማ ጥላ!

ፓስፖርት የሚያድሰው ሹም ይኸው ግዛው ነው። ጧት ደረጃ ሲወርድ እግሩ ወለም ቢለው ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ «ታምሜያለሁ፣ ከሳምንት በኋላ ኑ» እያለ ባለጉዳይ ይመልሳል፤ ማኅተሙን በእግሩ የሚመታ ይመስል።

ጅማቱ ቀጭ ሲል «አላህ ያሽርዎ!» አለችው።

ግዛው እግሩን ነጠቃት። «ማን ነው የሚሽረኝ? ማን ልኮሽ ነው?»

ዘመኑ የደርግ ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት ባልደረቦቹ በቴሌግራም ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው እንደ ሄዱ ቀርተዋል።

«ኧረ ያድንዎ ማለቴ ነው! በእኛ ዘንድ ቁስሉ ሻረ፣ ሕመምተኛው ሻረ ይባላል።»

«ሹም ሻረ የሚባለውስ?»

«ያው ነው እኮ ጌታዬ። ሕመምም ሹም ነው። ሳይጠሩት መጥቶ ገላ ላይ ይቀመጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሂድ ቢሉት አይሄድም። አላህ ሲሽረው ሰው ይድናል።»

ጸሐፊዋ ሙሉሸዋ ሳቋን በታይፕ ድምፅ ደበቀች።

«ለምን እንደ ሌላው ሰው ይማርዎ አትይም?» አለ ግዛው ላቡን እየጠረገ።

«ይማርዎማ ምሕረት ነው። ምሕረት ደግሞ ለጥፋተኛ ነው። ምን አጥፍተዋል?»

የታይፑ ድምፅ ቆመ። ግዛው መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ሙሉሸዋን አየ።

«ምንም አላጠፋሁም!» ብሎ ጮኸ፣ ኮሪደሩ ድረስ እንዲሰማ።

«እንግዲያው ምን ልበል?»

«ምንም አትበይ! እግሩን ብቻ እሺ!»

«እሺ፣ እግሩን ያምጡ። ማኅተሙንም ያምጡ» አለች ከሚሪያ። «ጅማቱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አሁን ብተወው ቴሌግራም ቢመጣልዎ እንኳ አውሮፕላኑ ላይ እያነከሱ ነው የሚወጡት። ያላ፣ እርስዎ ይምቱ፣ እኔም ማሸቴን ልቀጥል።»

መሳቢያው ተከፈተ። እሱ ማኅተሙን መታ፣ እሷም አሽታ ጨረሰች። ግዛው ተነሥቶ መሬት ረገጠ፤ ሳያነክስ እስከ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። ምስጋና ግን ከአፉ አልወጣም።

ከሚሪያ ማንበብ ስለማትችል ደረጃው ላይ ፓስፖርቱን ያነበበችላት ሙሉሸዋ ናት።

«እማማ፣ ሁለት ዓመት ሲገባዎት የሰጠዎ ስድስት ወር ነው።»

ከስድስት ወር በኋላ እንግዲህ እንደገና ትሄዳለች። እሱም እስከዚያ ጨጓራም ይሁን ጥርስ አንድ ሕመም አያጣም። አንባቢዎቼ፣ ለታመመ ሹም የሚባል፣ ሽረትም ምሕረትም የሌለበት ደኅና ቃል የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጉልህ ጉልህ አድርጋችሁ ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬ አነብላታለሁ።