የልዑሉ ሶሪት

ላጲሶ ወፍ ቆጣሪ ነበር። አትሳቁ! ኦሎምፒያ አጠገብ በነበረው መሥሪያ ቤታችን ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ዝምተኛ። ጴንጤ ነህ ተብሎ ሁለት ወር ታስሮ ሲወጣ እንኳን መጀመሪያ የጠየቀኝ የመስክ መኪናው ጎማ ተገዝቶለት እንደሆነ ነው። ወይ ላጲሶ!

ቦረና ውስጥ አንድ ጫካ ነበር። እዚያ የሚኖረው ሶሪት ከሌላው ሶሪት ይለያል፤ ጉትዬው ነጭ ነው፣ ሲበር ክንፉ ቀይ ያሳያል። ከዚያ አካባቢ ሌላ የትም የለም። «የትም!» ይላል ያ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ጠረጴዛዬን እየመታ። በ1971 ዓ.ም. ጫካውን ለጣውላ ሊቆርጡት ሲነሡ፣ እንዲተውት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎ እንድተይብለት አመጣልኝ።

ሳነበው ከወንበሬ ተነሣሁ። ወፉ ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣሊያን ልዑል ነው፤ «የልዑል ሩስፖሊ ሶሪት» ይላል፣ ስድስት ቦታ ላይ።

«አንተ ሰው አብደሃል? ልዑል? ጓድ ረታ ይህን ቢያይ ፊውዳል ናፋቂ ብሎ ዘብጥያ ያወርድሃል!» ረታ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ነው፤ ሳያነበው የሚወጣ ደብዳቤ የለም።

«ልዑሉ እኮ ከሞተ ቆይቷል። ስሙ ነው። ያለ ስሙ ሌላ ወፍ ይሆናል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

«እንዳለ ተይቢው፣ ፀሐይነሽ» ብሎኝ ወደ መስክ ወጣ።

እኔ ግን ፈራሁለት። ሁለተኛ ቢታሰር የሚወጣ አልመሰለኝም፤ ሚስቱ አዝመራ ደግሞ እርጉዝ ናት። ስድስቱንም ቦታ «ሶሪት» ብቻ ብዬ ተየብኩት። ረታ አንብቦ ማኅተም አስመታበት፤ ደብዳቤው ሄደ። ጎበዝ አልኩ ለራሴ።

መልሱ ቆረጣውን ካዘዙት ዘንድ በወሩ መጣ። «ሶሪት የተባለው ወፍ በከተማችን ግቢዎች ሳይቀር በብዛት የሚታይ በመሆኑ፣ ለእሱ ሲባል የጣውላ ምርት የሚቋረጥበት ምክንያት አልታየንም።» እውነታቸውን ነው፤ ጉንጩ ነጭ የሆነው ሶሪት ቦሌ መድኃኔዓለም ዛፎች ላይም ይጮሃል።

ላጲሶ ከመስክ ተመልሶ መልሱን ቆሞ አነበበው። ቀጥሎ የደብዳቤውን ቀሪ ከፋይል አውጥቶ አየ፤ ከዚያም እኔን። ምነው በተቆጣ!

«ስለ አንተ ብዬ ነው» አልኩት፤ እንባዬ መጣ። «አሁኑኑ ደግሜ ልተይበው፤ ልዑልም ንጉሥም ይግባበት!»

«ተይው። የመልሱ ግልባጭ ለቆራጮቹ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ከዚያው ነው የመጣሁት፤ ጫካው የለም።»

አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ የተየብኩለትን ወረቀት ሁሉ አጠገቤ ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያደርግ ነበር። እኔም አነብ ነበር።