የጅጋው ፈላስፋና ገብስማዋ ዶሮ

በጅጋና በአካባቢዋ የምትገኙ ጭቁን ሸማቾች፣ ባጃጅ ነጂዎችና የጠላ ቤት ተንታኞች ሁሉ! ሳሙናና የሞባይል ካርድ ቸርቻሪው፣ የፍልስፍና ምሩቁ ዳኘው፣ በላሜራ ኪዮስኩ ውስጥ በጋኔን ጠሪነት መሾሙን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ሹመቱን የሰጠው ሰፊው ሕዝብ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ ደግሞ አይሳሳትም ተብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኘው ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ አባቱ ምን እንደተማረ ጠየቁት። "ፍልስፍና" አላቸው። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት "አካውንቲንግ ነው" ይላሉ። ሥራ ጠፋ፤ ኪዮስክ ተከፈተ። ገበያ በማይቆምበት ቀን ዳኘው መጽሐፍ ዘርግቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ያቆማል፤ ብቻውን ይከራከራል። ጎጃም ውስጥ ከመጽሐፍ ጋር ብቻውን የሚያጉረመርም ሰው ምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ መናፍስት ጎታች ነው። በሬ የጠፋበትም ሚስት የኮበለለችበትም ይመጣ ጀመር። "ይሄ ትምህርት ምን ሊሠራ ነው?" ሲሉ የኖሩት ሁሉ በመጨረሻ ገባቸው።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ገብስማ ዶሮ ታቅፈው መጡ። ልጃቸው ክንዱ አምና ክረምት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። በዚህ ዘመን ደግሞ የት ሄደ ብሎ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

"የኔታ፣ አንቱ ያውቃሉ ብለውኝ ነው።"

"ኧረ እትዬ፣ አንቱ አይበሉኝ፤ ልጅዎ እኮ ነኝ።"

"ልጄንማ እየፈለግሁ ነው። ሞቶ እንደሁ ፍትሐት ይደረግለት፤ ነፍሱ በየዱሩ አትንከራተት። ካለ ደግሞ ለቁም ሰው ፍትሐት አድርጌ ልቅበረው? ቄሱም ሞቱን ሳላውቅ አልፈታም አሉ። ሲመሻሽ ውሻው ወደ በሩ ይሮጣል፤ ማንም የለም፤ ጅራቱን ይቆላል። ይጥሩልኝና አንዲት ቃል ይናገረኝ።"

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ደረሰ ወደ ዳኘው ጆሮ ጠጋ አለ። "አለ በላቸውና ተገላገል! ዶሮዋም ወጥ ትሁን፣ እሳቸውም እንቅልፍ ይውሰዳቸው።"

ዳኘው ዶሮዋን አየ፤ እሳቸውን አየ። ውሸቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀላል፣ ደግ፣ ወጥ የሚያስበላ ውሸት።

"እትዬ፣ አላውቅም" አለ። "አውቃለሁ የሚልዎትንም አይመኑት።"

ደረሰ ከት ብሎ ሳቀ። "መንግሥት ቀልቦ ያስተማረህ አላውቅም እንድትል ነው? እሱንማ እኔ ሳልማርም እለዋለሁ!"

"እንግዲያ አላውቅም በላቸዋ!" አለው ዳኘው። "ዓይናቸውን እያየህ በላቸው።"

ደረሰ ወደ እትዬ ዞረ፤ ዓይናቸውን አየ። ወዲያው ወደ ስፌቱ አጎነበሰ።

እትዬ ግን አልሄዱም። ዳኘው መቀመጫ ዱካ አውጥቶ አስቀመጣቸውና "ስለ ክንዱ ይንገሩኝ እስቲ" አላቸው። ዶሮዋን እንደታቀፉ ነገሩት፦ ቀልዱን ሳይጨርስ ሳቁ እንደሚቀድመው፣ ሲያርስ በሬዎቹን እንደሚሳደብ፣ ቀንበር ሲያወርድ ደግሞ ይቅርታ እንደሚጠይቃቸው። ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሳይገዛ ቆመ። አንዲት ኮረዳ የማታውቀው ሰው ከእትዬ ኋላ የቆመ መስሏት ወደ ኪዮስኩ ጥግ አየች፤ ከዚያም ዓይኗን መንቀል አቃታት።

"ጠራው እኮ!" አለ ደረሰ፣ አሁንስ ሳይስቅ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ደንበኛ የእውነት ይጠራል ብሎ ፈርቶ ከኪዮስኩ ይሸሻል። እትዬ ፍትሐቱን አላደረጉም፤ ለቅሶም አልተቀመጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ያወራሉ፤ ዳኘው ይጠይቃል። ክንዱ በየሳምንቱ እየጎላ ይሄዳል፤ ግን አይመጣም።

እንግዲህ አንተ፣ "ሥራ የማያስገኝ ትምህርት ምን ያደርጋል" እያልክ ልጅህን የምታስጨንቅ አንባቢ፣ አንድ ነገር እንለምንህ። ቅዳሜ ጅጋ ና። ስለ ክንዱ የምታውቀው ካለ ለእትዬ ንገራቸው። ከሌለህ ግን ምን እንደምትላቸው ከቤትህ ሳትወጣ አስብ፤ አስበህም ካገኘኸው፣ እባክህ፣ መጀመሪያ ለእኛ ንገረን።