ዜማ ያልነበረው ትንፋሽ

የኔታን የያዛቸውን በሽታ ከማየቴ በፊት ሰማሁት።

የኔታ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። እኔ ትምህርቱን ከመንገድ ጥዬ ንፋስ መውጫ ከተማ ባጃጅ የምነዳ፣ ተሳፋሪ ስጠብቅ ግጥም የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። ዜማውን ባልዘልቀውም ጆሮዬ እሳቸው ዘንድ ቀርቷል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚወጡትን ረጅም ሐረግ መሃሉ ላይ ቆርጠው አየር ሳቡ። ተማሪዎቹም እዚያው ቦታ ላይ፣ እኩል፣ አየር ሳቡ።

"ይሄ ትንፋሽ ከየት መጣ?" አልኩት አንዱን።

"የየኔታ ስልት ነዋ! ከክረምት ወዲህ ነው ያመጡት። አንተ ባጃጅ ስትነዳ አመለጠህ" ብሎ ሳቀብኝ።

ዜማ ከመምህር አፍ ነው የሚወሰደው። እሳቸው ባነሱበት ይነሳል፣ በጣሉበት ይጣላል። ስለዚህ አንድ ጉባኤ ሙሉ ተማሪ የመምህሩን በሽታ እንደ ዜማ ሲያጠና ከርሟል።

እግራቸውን አየሁት። አብጧል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው ግድግዳ ተደግፈው እንደሚተኙ ነገሩኝ። "ብርድ ነው" አሉ። ጎረቤቱም ብርድ ነው ብሎ ስለፈረደ፣ ጎጆው መሃል እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጨሳል። የገባው ጠያቂ ሁሉ እሳቱን ይቆሰቁስና፣ ነፋስ እንዳይመታቸው ብሎ በሩን ገጥሞ ይቀመጣል። ጤነኛው እኔ እንኳ መተንፈስ አቃተኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው "ጉባኤ በትኜ?" ብለው ተቆጡ።

በሳምንቱ ተደወለልኝ። ስደርስ ከንፈራቸው ጠቁሯል። መናገር አልቻሉም። ሲያስሉ አረፋ ይወጣል። ተማሪዎቹ በቃሬዛ አነሷቸው። እስከ መኪናው መንገድ የሰማሁት የእሳቸውን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰካላቸው። ራጅ ተነሡ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"ልባቸው ደክሟል። ሳይታወቅ የኖረ የደም ግፊት ነው ያደከመው። ደሙን መግፋት ሲያቅተው ውሃው ሳንባቸው ላይ ተጠራቀመ።"

"ይተርፋሉ?"

"ዛሬን ይሻገሩ።"

ተሻገሩ። ፉሮሴማይድ የሚባለው መድኃኒት ውሃውን በሽንት አወጣው፤ ለግፊቱም ሌላ ኪኒን ታዘዘላቸው። መናገር ሲችሉ ሐኪሟ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች።

"የኔታ፣ ምግብዎን ማን ነው የሚያበስለው?"

"አገሩ ሁሉ። ተማሪ ለምኖ ያመጣልኛል።"

"ጨዉስ?"

"እንደ ሰጪዋ እጅ ነዋ!"

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። "ጨው ያወጣነውን ውሃ መልሶ ያመጣዋል። የእህትዎ ልጅ የነገረኝ ጭስም ሳንባዎን ብቻ ሳይሆን የደም ሥርዎንም ይጎዳል። መድኃኒቱን ደግሞ ተሻለኝ ብለው፣ ጾም ገባ ብለው እንዳያቋርጡ።"

"የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቴ ጋር እንጨርሰዋለን። ድጓዬን ቆሜ አስተምራለሁ ወይ? እሱን ንገሪኝ።"

"ይህን ከጠበቁ።"

ነገሩ ሁሉ በዚህች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ግን በየደጁ እየተለመነ የሚመጣ ምግብ ጨዉ እንዴት ይጠበቃል?

የኔታ ከሆስፒታል ሲመለሱ ተማሪዎቹ ልመናቸው ላይ አንድ ቃል ጨመሩ። "በእንተ ስማ ለማርያም! ለየኔታ ጨው የሌለበት!" እያሉ በየደጁ ጮኹ።

"ደግሞ ማማረጥ ጀመራችሁ?" አሉ አንዲት ጎረቤት። "ነገ ቅቤ ጨምሪ ልትሉኝ ነው!"

"ለየኔታ ነው እማማ። ልባቸውን ጨው ከበደው።"

"ውይ አፈር ስሆን! እኔ እኮ እንዲጣፍጣቸው ብዬ ነው እጄን የማበዛው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ጨው አልጨመሩም። ሆኖም እግራቸው እንደገና አበጠ። ግራ ገባን። እኚያው ጎረቤት ዘንድ ሄጄ የሽሮ ዱቄታቸውን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው! በርበሬው ሲደለዝ፣ ሽሮው ሲዘጋጅ አብሮ ገብቷል። ወጡ ላይ ያልጨመሩት ጨው ዱቄቱ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ለሐኪሟ ነገርኳት፤ መድኃኒቱን አስተካከለች። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ለየኔታ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራ የክክ አልጫ፣ ጨው ያልነካው ንፍሮ ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ።

"ይህን በልቼ ነው ዜማ የማወጣው?" አሉኝ የኔታ ፊታቸውን አጨማደው።

"ሲያወጡ እንሰማለን" አልኳቸው።

እሳቱን ወደ ውጭ፣ ዳስ ሥር አወጣነው። ግድግዳው ላይ መስኮት ከፈትኩ፤ ጠያቂ እየገባ ቢዘጋብኝ ጊዜ መዝጊያውን ነቅዬ በባጃጄ ንፋስ መውጫ ይዤው ሄድኩ። የንስሐ አባታቸውም መድኃኒቱን በጾም ሰዓትም እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ከዚያ በኋላ ቀኖቹ እየሰፉ መጡ፤ መጀመሪያ እስከ ደጃፋቸው፣ ቀጥሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲደክማቸው ቆም እያሉ ተራመዱ። ገብሱ ሲያሽት እግራቸው ጫማቸው ውስጥ ያለ ትግል ገባ፤ ግድግዳ መደገፉን ትተው ጋደም ብለው መተኛት ቻሉ።

አጨዳው ሲደርስ ጉባኤው ላይ ተገኘሁ። ቆመው ነበር የሚያስተምሩት። ያ ረጅም ሐረግ መጣ። ተማሪዎቹ የለመዱት ቦታ ላይ ደርሰው አየር ሳቡ። የኔታ አልሳቡም። ብቻቸውን፣ ድምፃቸው ሳይሰነጠቅ፣ እስከ መጨረሻው ወጡት። ከዚያ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

"እዚያ ላይ መተንፈስን ማን አስተማራችሁ?"

ያ የሳቀብኝ ተማሪ አንገቱን ደፋ። "እርስዎ ነዎት የኔታ።"

ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ሳቃቸው መጣ። "ያ ዜማ አልነበረም ልጆቼ። ውሃ ነበር። በሉ እንደገና!"

ይህን የምታነቡ፣ የኔታን የያዛቸው የያዛችሁ፦ ግፊታችሁን ሳይጠናባችሁ ተለኩ። በርበሬና ሽሯችሁን ያለ ጨው አዘጋጁ። ለታመመ ሰው መስኮት ክፈቱለት። መድኃኒቱን ሐኪም ሳያዛችሁ አታቋርጡ፤ እግራችሁ ካበጠ ወይም ስትተኙ ካፈናችሁ ነገ አትበሉ። ያቺን ሐኪም፣ ቃሬዛውን የተሸከሙትን፣ እጃቸውን ከጨው የሰበሰቡትን እናቶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የኔታ ከመዳናቸው በፊት ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሄዱ ተማሪዎች አሉ። እዚያ በአንድ ደብር ስታስቀድሱ፣ ረጅሙን ሐረግ መሃል ላይ ቆርጦ የሚተነፍስ ካህን ከሰማችሁ፣ መጀመሪያ እግሩን እዩለት። እግሩ ደህና ከሆነ ንገሩት፤ የኔታ ድነዋል፣ ሐረጉም በአንድ ትንፋሽ ነው።