ከናይሮቢ ብቻዬን የተመለስኩበት ጉዞ

ወደ ናይሮቢ የሄድኩት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሥልጠና ለመካፈል ነው። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ውጭ አገር መውጣት ለጥቂት ሰው ብቻ የሚደርስ ነገር ስለነበር ስሜ ሲጠራ የሥራ ጓደኞቼ አቅፈው ሳሙኝ። እኔን ግን ከደስታው ፍርሃቱ ቀደመኝ። የምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ቆይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔና ባለቤቴ ደረጀ ከጥቂት ምእመናን ጋር በየቤቱ ተደብቀን ነበር መጽሐፍ ቅዱስ የምናነበው። የመውጫ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ኑሮው መመርመሩ አይቀርም።

መረመሩኝ። ምንም አላገኙም፤ ወይም ያገኙ አልመሰሉም። ከመነሳታችን በፊት አብሮኝ ከሚሄደው ሰው ጋር ወደ አንድ ቢሮ ተጠራን። ይህ ሰው መኮንን ይባላል፤ የሆስፒታላችን የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊና በመሥሪያ ቤታችን የፓርቲው ሰው ነው። እሱ ሲገባ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቢሮው ውስጥ የነበረው ባለሥልጣን ሁለታችንንም በየተራ አየን።

"ሁለት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሁለት ሆናችሁ ትመለሳላችሁ። አንዳችሁ ብትቀሩ ሌላው ይጠየቅበታል" አለን።

የጉዞው ቀን ደረጀ መጽሐፍ ቅዱሴን ከሻንጣዬ አወጣው። "በቃልሽ የያዝሽውን ይዘሽ ሂጂ፤ እሱን ማንም አይፈትሸውም" አለኝ። ልጃችን ሜሮን ተኝታ ነበር። ብቀሰቅሳት ታለቅስብኛለች ብዬ ግንባሯን ብቻ ስሜ ወጣሁ።

በአውሮፕላኑ ውስጥ

መኮንን በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥን። አውሮፕላኑ ሲነሳ የወንበሩን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ።

"ፈራሽ እንዴ?" አለኝ።

"የመጀመሪያዬ ስለሆነ ነው ጓድ መኮንን።"

ራሱን ነቀነቀና ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ከልጅነቴ የማውቀውን፣ እግዚአብሔር መጠጊያ ስለመሆኑ የሚናገረውን መዝሙር በልቤ ማለት ጀመርኩ። ከንፈሬ እንዳይንቀሳቀስ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ከታች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አንድ በአንድ አለፉ፤ ከዚያ አገሩ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያም ደመና ብቻ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ናይሮቢ የጠበቅኩት ሙቀት የላትም። ወሩ ሐምሌ ነበርና ጠዋት ጠዋት ሰማዩ እንደ አመድ ይጠቁራል፤ ሰው ሹራብ ለብሶ ይወጣል። ያረፍነው ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር፣ በአጥር ቁጥቋጦ በተከበበ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ቁርስ ወተት የበዛበት ሻይና ማንዳዚ የሚሉት ጣፋጭ ቦንቦሊኖ ነበር። ምሳ በሥልጠናው ቦታ ኡጋሊ ይቀርብልናል፤ የእኛን ገንፎ ይመስላል፣ ግን ቅቤም በርበሬም የለውም። ከተከተፈ ጎመን ጋር በእጅ ይበላል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ እስከ ማታም ይይዛል።

ወደ ከተማ የምንሄደው ማታቱ በሚባለው ታክሲያቸው ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆርቆሮውን በእጁ እየደበደበ "ታውን፣ ታውን" ይላል። ሰው ከሰው ላይ ይደራረባል። መኮንን ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበር የሚቀመጠው። ማጅራቴ ላይ ዓይኑ ያረፈ ይመስለኝ ነበር። ከክፍሌ ስወጣ የራሱን በር ከፍቶ ያየኛል። አንድ ቀን የማረፊያው ዘበኛ፣ ጓደኛሽ የት እንደምትሄጂ ይጠይቀኛል ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልዋጥልሽ አለኝ። ስለ ጸሎት ቤታችን ሰምቶ ይሆን? ደረጀን ይዘውት ይሆን? እያልኩ በማይክሮስኮፑ ውስጥ የማየውን እንኳ ማመን አቃተኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሰፈሩ ውስጥ ካለችው ሱቅ ሳሙና ስንገዛ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት በአማርኛ ሰላም አሉን። እማማ ለተብርሃን ይባላሉ። ተወልደው ያደጉት ኤርትራ ነው፤ ካቶሊክ ናቸው። አማርኛውን የለመዱት ከባላቸው ጋር አዲስ አበባ ሲኖሩ ነው። መኮንን ሰላምታውን በአጭሩ ቆርጦ ሂሳብ ሊከፍል ዞረ። እሳቸው ክንዴን ይዘው፣ "ቤቴ ያ አረንጓዴው በር ነው ልጄ። እሁድ እሁድ ቃሉን እናነባለን" አሉኝ።

እሁድ

ለሜሮን ጫማ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። አረንጓዴው በር ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ።

ውስጥ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሕምባሻ ተቆርሶ፣ ሻይ ተቀድቶ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። መስኮቱ ክፍት ነው። እኔ ግን መስኮቱን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም።

"ይዘጋ እንዴ?" አልኩ።

እማማ ለተብርሃን ተነስተው ዘጉልኝ፤ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ያን ቀን የተነበበው ከዮሐንስ መልእክት ነው፤ በፍቅር ውስጥ ፍርሃት እንደሌለ የሚናገረው። ሌሎቹ ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረሁና ጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እፈራለሁ። ታዲያ ፍቅር የለኝም ማለት ነው?"

"እኔ ባሌን ከቀበርኩ ጀምሮ ይቺን ገጽ አነባለሁ" አሉኝ። "እስካሁን እፈራለሁ። ማንበቤን ግን አልተውኩም፣ ጓለይ።" ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን እንባ ወጣልኝ፤ ደረቴም ቀለል አለኝ።

በሩን ከፍቼ ስወጣ መኮንን ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ተያየን። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ሐሙስ ቀትር

እስከ ሐሙስ አላነጋገረኝም። እኔም የምለውን ሳሰላስል ሰነበትኩ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወደ ትልቁ የከተማ መናፈሻ እንሂድ አለኝ። ልጆች በኩሬው ላይ በጀልባ ይንሸራሸራሉ፤ የተጠበሰ በቆሎ ይሸጣል። ከሰው ራቅ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

"እሁድ የት እንደነበርሽ አይቻለሁ" አለኝ። "ስለ እኔ ምን ብለሽ ነገርሻቸው?"

"ለማን?"

"ለዚያ ቤት ሰዎች። የኤምባሲ ሰዎች አይደሉም?"

የሚለው አልገባኝም። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ከንፈሩ ደርቋል። መዋሸት ደክሞኝ ስለነበር፣ "ጓድ መኮንን፣ እኔ እዚያ የሄድኩት መጽሐፍ ቅዱስ ላነብ ነው" አልኩት። ስንት ዓመት የደበቅኩትን ነገር ለዚያ ሰው በአፌ ተናገርኩ። አሁን አበቃልኝ ብዬ ስጠብቅ እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"እኔን እንድትጠብቂ የላኩሽ መስሎኝ ነበር" አለ። "አልመለስም ጽጌ። ታናሽ ወንድሜን ወስደውታል። ስመለስ እኔንም እንደሚይዙኝ ከውስጥ ሰው ሰምቻለሁ።"

ጓድ ሳይል በስሜ ብቻ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። ግን በዚያች ቅጽበት አላዘንኩለትም። "ልጄስ?" አልኩት። "አንዳችን ብንቀር ሌላው ይጠየቃል ሲባል አብረን ሰምተን የለም ወይ? የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ።"

"እሱን እያሰብኩ ነው እስካሁን ያልሄድኩት" አለ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ትቼው ተነሳሁ። ማታቱ ተሳፍሬ በቀጥታ ወደ ኤምባሲያችን ሄድኩ። ብናገር እሱ ተይዞ ይመለሳል፤ እኔም ልጄም እንተርፋለን። ከበሩ ፊት ለፊት ወርጄ ቆምኩ። አንድ ዘበኛ፣ ማዳም ምን ፈለግሽ ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ አንድ ጥቅስ ትዝ ብሎኝ በረታሁ ብል ደስ ባለኝ። ትዝ ያለኝ ግን የመኮንን እጅ ነው። የእኔም እጅ ቦርሳዬን እንደያዘ በዚያው ዓይነት ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ቀን እርስ በርሳችን ስንፈራራ ነው የከረምነው። ዘበኛውን ቦታ ተሳስቼ ነው አልኩትና ተመለስኩ።

አረንጓዴው በር

እማማ ለተብርሃን ጋ ደርሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ እናት ተቆጥተው ወይ ተናገሪ፣ ወይ ተይው እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር።

"እኔ በልጅሽ ላይ መፍረድ አልችልም" አሉኝ። "ብትናገሪም በሬ አይዘጋብሽም።"

አብረን ያንኑ ገጽ እንደገና አነበብነው። ያየውን ወንድሙን የማይወድ ሰው ያላየውን እግዚአብሔርን እንዴት ይወዳል ከሚለው ስንደርስ ማንበቤን አቆምኩ። መኮንን ወንድሜ እንዲሆን አልፈለግኩም ነበር። ሳይወደኝ፣ ሲሰልለኝ ከርሞ፣ አሁን ደግሞ ልጄን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉን ዘግቼ ለመሄድ ስነሳ፣ "ማደሪያ የለውም" የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ።

ቅዳሜ መኮንንን ቤታቸው አደረስኩት። በሩ ላይ እማማን፣ "ከዚህ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ለእኔ እንዳይነግሩኝ" አልኳቸው። መኮንን ጨበጠኝ። "ጸልዪልኝ ማለት ይቻላል?" አለኝ ቀስ ብሎ። ይቻላል አልኩት።

መመለስ

ሥልጠናው አብቅቶ በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻዬን ስደርስ ከኤምባሲ የመጣው ሰው ጓደኛሽ የት አለ አለኝ። አላውቅም አልኩ፤ በእውነትም የት እንዳለ አላውቅም ነበር። በመንገድ ሁሉ ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አዲስ አበባ እንዳረፍን ሁለት ሰዎች ከደረጃው ሥር ጠበቁኝ። ደረጀን ከአጥሩ ማዶ ሜሮንን ታቅፎ አየሁት፤ እጄን ለማንሳት ግን ፈራሁ።

ከመነሳታችን በፊት ያስጠነቀቀን ባለሥልጣን ነው የመረመረኝ።

"እንደሚቀር ቀድመሽ ታውቂ ነበር?"

"ስለ እሱ መልስ መስጠት ያለበት እሱ ነው። እኔ ሄጄ ተመልሻለሁ።"

"ዕድሉ እያለሽ ለምን ተመለስሽ?"

"ልጄ እዚህ ናት" አልኩት።

ለሳምንታት አሰሩኝ። ሲፈቱኝ ከሆስፒታሉ ተነስቼ ራቅ ወዳለ የገጠር ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ፤ የውጭ ጉዞም ከዚያ ወዲህ ለእኔ ተዘጋ። በእስር ቤቱ ፍርሃቱ አንድም ቀን አልለቀቀኝም። በቃሌ የያዝኩትን መዝሙር ግን አብረውኝ ለታሰሩት ሴቶች በሹክሹክታ እነግራቸው ጀመር። አንዷ በነጋ በጠባ ድገሚልኝ ትለኝ ነበር። ያ ጉዞ ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ፍርሃቴ እስኪያልፍ ብጠብቅ ኖሮ ማንንም ሳልወድ እሞት ነበር።

ቤቴ የገባሁ ዕለት ሜሮን ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ጊዜ መኮንን እንደሚቀር ቀድሜ አውቅ እንደነበር፣ ለማንም እንዳልተናገርኩም፣ ለደረጀ ነገርኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። በታሰርኩበት ጊዜ እሱና ሜሮን ምን እንዳሳለፉ ያኔ ነው የገባኝ፤ ተቆጥቶ ቢጮህብኝም አልፈርድበትም ነበር። ተነሳና መስኮቱን ዘጋ፤ በሩንም ቀረቀረ። ተመልሶ ከጎኔ ለጸሎት ተንበረከከ።

"ሰውየው ማን ነበር ያልሽኝ ስሙን?" አለኝ።