«ጥያቄዬ እሱ አይደለም»

የቤቴል ችግር የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤቷ ነው። እናቷ በጉበት ሕመም ስትማቅቅ፣ የወናጎ ምእመናን አርባ ቀን ጾመው ጸለዩላት። በአርባ ሁለተኛው ቀን ቀበሯት። በሐዘኑ ሰሞን ታናሽ እህቷ ሮሆቦት ጉባኤ መካከል ተነሥታ፣ «ይሰማል ካላችሁ ታዲያ ለምን አልሰማም?» አለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ደመላሽ፣ «ልጄ፣ ጥያቄ ሲበዛ ለጥርጣሬ በር ይከፍታል» ብለው አስቀመጧት። ሮሆቦት ተቀመጠች፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ያን ደጅ አልረገጠችም።

ቤቴል ዲላ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ተማሪዎቿን «አላውቅም፣ ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» ብላቸው ታውቃለች፤ «አትጠይቁ» ግን ብላቸው አታውቅም። ስለዚህ ለእህቷ መልስ ልትፈልግ ተነሣች፣ ያውም እንደ ቤተ ሙከራ ሥራ በሥርዓት! አንድ ዓመት ሙሉ አነበበች፤ ስለ መከራ ሰባት መልሶች በደብተር ጻፈች። ከዚያም በይርጋጨፌ አድርጋ በሞተር ሳይክል ኢዲዶ ሄደች።

ሮሆቦት እዚያ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተቆጣጣሪ ናት። የተበላሸውን ፍሬ ከአልጋው ላይ እየለቀመች ሰባቱንም ሰማች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ጎበዝ። ፈተና ቢሆን መቶ ከመቶ ነበር። ግን ቤቲ፣ ጥያቄዬ እሱ አይደለም።»

ቤቴል ተናዳ ተመለሰች። ታሪኩን ለባልደረባዋ ለጽጌማርያም ስትነግራት፣ ኦርቶዶክሷ ጽጌማርያም ሳቀች።

«እናንተ ጴንጤዎች ስትቸኩሉ! መልሱ ሰባት፣ ጥያቄው አንድ፤ እሱንም አልሰማሽው።»

«እናንተስ?»

«እኛማ እግራችን እስኪያብጥ ቆመን መስማት ለምደናል።»

ቀልዱ ቤቴልን አባቷን አስታወሳት። አባቷ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ነገር በሚያዩበት በሶንጎ ይቀመጡ ነበር። የተጣላ ሰው በእሳቸው ፊት ወዲያው መልስ አይሰጥም። መጀመሪያ ባላጋራው ያለውን በራሱ አንደበት መድገም አለበት፤ ባላጋራውም «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» ካላለ ነገሩ ወደፊት አይሄድም። ለዚሁ ብቻ ግማሽ ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ቤቴል በልጅነቷ ጊዜ ማባከን ይመስላት ነበር፤ አሁን ግን ብልሃቱ ገባት።

ደንቡን መጀመሪያ የሞከረችው ቅዳሜ ቅዳሜ ከወጣቶች ጋር በምትወያይበት ክፍል ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ሳምሶን ሊያፋጥጣት መጣ።

«ቲቸር፣ ሁሉን እግዚአብሔር ከፈጠረ እሱን ማን ፈጠረው?»

«ያለ ነገር ሁሉ አስገኚ ካስፈለገው፣ እግዚአብሔርም ያስፈልገዋል ማለትህ ነው?»

«እሱ ነው! እንዲያውም ከኔ አሳመርሽው።»

«እሺ፤ ባጃጅህ ስትበላሽ ሌላ ባጃጅ በገመድ ይጎትትሃል። እሱም የተበላሸ ቢሆንስ? እስከ ሐዋሳ ድረስ የተበላሹ ባጃጆች ብትቀጣጥል ይንቀሳቀሳሉ?»

«ኧረ የት ይደርሳሉ!»

«የግድ የራሱ ሞተር የሚሠራ አንድ ያስፈልጋል። እኛ ‹ያለ ነገር ሁሉ ጎታች አለው› አንልም፤ ‹በራሱ የማይሄድ ሁሉ ጎታች ይፈልጋል› ነው የምንለው።»

ሳምሶን አገጩን አሻሸ። «ቆይ፣ ያ ሞተር ያለው እናንተ የምትሰብኩት አምላክ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ! ቅዳሜ እንገናኝ።»

ደንቡ እንደሚሠራ ካየች በኋላ ደብተሯን ቤት ትታ ኢዲዶ ተመለሰች። ከእህቷ ፊት ለፊት ቆማ የተበላሸውን ፍሬ መልቀም ጀመረች።

«ጥያቄሽ እግዚአብሔር መከራን ለምን ፈቀደ ነው?»

«አይደለም።»

«ጸሎት ከንቱ ነው ወይ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው አላወቅሁትም፤ ንገሪኝ።»

የሮሆቦት እጅ ቆመ። «ጋሽ ደመላሽ በመጨረሻው ሳምንት እማዬን ‹እህቴ፣ እምነትሽ ሙሉ ቢሆን ትነሺ ነበር› አሏት። አንቺ አልነበርሽም። እማዬ እግዚአብሔርን ይቅርታ እየለመነች ሞተች። በገዛ ጥፋቷ ነው የሞተችው? ጥያቄዬ ይሄ ነው።»

ቤቴል አለቀሰች። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ በእጃቸው በነበረው መጽሐፍ ውስጥ መልስ ነበረው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኢየሱስ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏል። ብዙዎችን የፈወሰው ጳውሎስም ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ ትቶት ሄዷል፤ እምነትህ ጎደለ ግን አላለውም። ቤቴል ይህን አንድ በአንድ አስረዳቻት።

«እማዬ አላጠፋችም፣ ሮሂ።»

«ታዲያ ለምን አልፈወሳትም?»

«እሱን አላውቅም።»

«ያኔ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አለች ሮሆቦት። «አሁን ግን መመለስ ያለብሽ አንቺ አይደለሽም። ለእማዬ ያን የተናገሩት ጋሽ ደመላሽ ይመልሱ።»

ቤቴል ዛሬ የምትደክመው ለዚህ ነው። ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሮሆቦትን ጥያቄ በራሳቸው አንደበት መናገር አለባቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ጋሽ ደመላሽን ስንት ጊዜ ለምና ሁለት ጊዜ ኢዲዶ ወስዳቸዋለች። አንዴ «ጥያቄሽ በእግዚአብሔር መቆጣትሽ ነው» አሉ፤ ሮሆቦት «አይደለም» አለች። ቀጥሎ «እናትሽ ለምን ሞተች ነው» አሉ፤ «አይደለም።» ቤቴል ጥያቄውን ብታውቀውም በደንቡ መሠረት ሹክ ማለት አትችልም።

በዚህ ቅዳሜ ከወጣቶቹ ውይይት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እየሄዱ ነው። ሚኒባሱ ከወናጎ ሲወጣ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ የነበሩት ጋሽ ደመላሽ ዞር አሉ።

«ቤቴል፣ እኔ ያኔ እናትሽ አልጋ አጠገብ ምን ነበር ያልኩት?»

«እሱን፣ ጋሼ፣ ሮሆቦትን ይጠይቋት።»