ቨርሊን ሃውጊ ለነርሷ የነገራት ቁጥር

ቨርሊን ሃውጊን የማውቀው በወተቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ቀኑ፣ ቦቴዬን ከበረቱ ጀርባ አቁሜ ወተቱን ጭኛለሁ። እንዲህ የሚገናኙ ሰዎች ብዙ የሚያወሩ ይመስላል፤ እኛ ግን ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ካወራን ይበቃን ነበር። ዊስኮንሲን ውስጥ፣ በዚህ በእኛ ሸለቆ፣ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «አይከፋም» ይላል። የተቆረጠ እግሩን በእጁ ይዞ ቢመጣም «አይከፋም» ነው የሚለው። ይህን ጠባያችንን ድሮ እወደው ነበር። አሁን ጠልቼዋለሁ።

ቨርሊን አርባ አራት ላሞች ነበሩት። ጠዋትና ማታ ከእያንዳንዷ ላም ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ በአንድ እጁ የማለቢያ ማሽኑን አንስቶ በሌላው ጡቷ ላይ ሲገጥም፣ አንገቱን ጠምዝዞ ግንባሩን ጎኗ ላይ ያስደግፋል። ሠላሳ አምስት ዓመት የተጠመዘዘው አንገት በመጨረሻ ተበቀለው። ሕመሙ ከማጅራቱ ይነሳና በቀኝ ትከሻው አድርጎ እስከ ጣቶቹ ይወርዳል። ትራክተር ሲነዳ ወደ ኋላ ለማየት ወገቡን ነበር የሚያዞረው። ሸሚዙን የምትቆልፍለት ሚስቱ ማርሊስ ነበረች፤ ይህንንም የነገረችኝ እሷ ናት እንጂ እሱማ ቢሞት አይናገርም። ሴት ልጃቸው ከተማ አስተማሪ ሆናለች፤ በረቱን የሚረከብ ሰው የለም። ቀጥረውት የነበረው ሰው ሁለት ወር ሠርቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በመጣው የበረዶ ወራት ማለቢያው ከእጁ አምልጦ አንዲት ላም እግር ላይ ሲወድቅ ማርሊስ ቁርጡን ነገረችው፤ እስከ መከር ወይ እጁ ይድናል፣ ወይ ላሞቹ ይሸጣሉ።

የሄደበት የሕመም ማከሚያ ክሊኒክ ሐኪም ነገሩን ደህና አድርጋ አስረዳችው። ከአንገቱ አጥንቶች አጠገብ ያሉትን ቀጫጭን ነርቮች በመርፌ ታደነዝዛቸዋለች። መርፌው የሚያስታግሰው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ሕመሙ ከጠፋ ጥፋተኞቹ ነርቮች ታወቁ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ከተረጋገጠ በሙቀት ይተኮሱና ዓመትም ከዚያ በላይም እፎይ ይላል። የጤና ኢንሹራንሱ ግን የመተኮሱን ወጪ የሚፈቅደው ሕመሙ ከአሥር እጅ ስምንቱ መቀነሱን ወረቀት ላይ ሲያይ ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት አንድ ቁጥር፣ ከመርፌው በኋላ ደግሞ በየሰዓቱ አንድ አንድ ቁጥር መጻፍ አለበት።

መርፌ የተወጋ ሰው መኪና አይነዳም፤ ማርሊስም የምትሠራበትን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ጥላ መሄድ አልቻለችም። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ግንቦት ነበር። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የመኪናዬን በር በቀኝ እጁ መሳብ አቅቶት በግራው ሲከፍት፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ አይቻለሁ።

ትሪስታ የምትባል ወጣት ነርስ መጥታ ወረቀቱን ዘረጋች።

«አቶ ሃውጊ፣ ዜሮ ማለት ምንም አይሰማኝም ነው። አሥር ማለት ከዚህ የባሰ አይኖርም ነው። ዛሬ ስንት ላይ ነው?»

ቨርሊን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ኮፍያ አየ። «አራት በይው» አላት።

«አራት? እጅዎን ማንሳት አቅቶዎት እኮ ጃኬትዎን ያወለቅሁልዎ እኔ ነኝ።»

«ከእኔ የባሰ ሞልቷል፣ ልጄ። አሥሩን ካንሰር የያዘው ሰው ይበል። እኔ አንገቴን አመመኝ ብዬ ዘጠኝ ብል አላፍርም?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ጓደኛው ነህ፣ እስኪ አንተ ተናገር እንደማለት ነበር። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። በእኛ ዘንድ የሌላውን ሰው ሕመም ከእሱ ቀድሞ መናገር ሰውየውን ሰው ፊት ራቁቱን እንደማቆም ይቆጠራል። አራት ብላ ጻፈች።

መርፌውን ተወግቶ ስንመለስ፣ ግማሽ መንገድ ላይ «የሹማከር ሰዎች አኩሪ አተራቸውን ዘርተዋል» አለኝ። የሹማከር እርሻ በእሱ በኩል፣ ከኋላችን ቀርቷል። ቀና ብዬ ባየው አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ በመስኮቱ እያየ ነው።

«ዴልበርት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የለም እኮ።»

«ምኑ?»

«ሕመሙ። ምንም የለም።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም መንገዱን ብቻ የማይ መሰልኩ። ሐኪሟ ሌላ ጊዜ የሚያምህን ሥራ ሞክር ብላው ስለነበር ከሰዓት በኋላ አርባ አራቱንም ላሞች እያፏጨ በቀኝ እጁ አለበ። ማርሊስ ከሥራ መጥታ የበረቱ በር ላይ እንደቆመች አለቀሰች።

ወረቀቱን ያየችው ራት ላይ ነው። በየሰዓቱ «ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት» ብሎ ሞልቶታል።

«ምን ነካህ? ምንም አይሰማኝም አላልከኝም?» አለችው።

«ዜሮ ብዬ ልጻፍ? ጉራ ይመስላል። ደግሞ እየተሻለኝ ነው ባልኩ ማግስት ቢመለስብኝስ?» አለና ፈርሞ አጠፈው። በማግስቱ ማርሊስ ሥራ እያለች ራሱ ፖስታ ቤት ወስዶ ላከው።

መልሱ ሰኔ ላይ መጣ። የአመልካቹ ሕመም መጀመሪያውኑም መካከለኛ ነበር፣ የቀነሰውም በግማሽ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አልተፈቀደም ይላል። ነርሷ ራሷ ደውላ፣ ቁጥሩ ስህተት እንደነበር በጽሑፍ ከገለጸ ሐኪሟ እንደገና እንደምትጠይቅለት ነገረቻቸው። ማርሊስ ለመነችው፤ እምቢ አለ። ከዚያ እኔን ላከችበት። በረቱ ውስጥ፣ በግራ እጁ ድርቆሽ ሲበትን አገኘሁት።

«ቨርሊን፣ ዘጠኝ ነበር ብለህ አንዲት መስመር ጻፍ» አልኩት።

«ፈርሜበታለሁ።»

«ብትፈርምስ?»

«ሲከለክሉኝ ቁጥሬን ለወጥኩ ልበል? ዋሽቼ ነበር ብዬ ልፈርም?»

«መጀመሪያውኑም እኮ ዋሽተሃል።»

«ያ ውሸት አይደለም» አለኝ፣ መንሹን መሬት ላይ ሰክቶ። «ያ ጨዋነት ነው።»

አህያ ነህ አልኩት። በሃያ ስድስት ዓመት የሰደብኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ስድቡ ለእኔም እንደሚገባኝ የገባኝ ግን ቦቴው ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ ነው። ያን ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ያቺ ነርስ የለመነችኝ አንዲት ቃል ነበር። ቃሏ አፌ ላይ ነበረች።

ላሞቹ መስከረም ላይ ተሸጡ። የመጨረሻውን ወተት የጫንኩት እኔ ነኝ። ላሞቹ ሲጫኑ ቨርሊን አንድ በአንድ እየፈታ፣ እስከ መኪናው መወጣጫ ራሱ አደረሳቸው። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም።

በሚቀጥለው ግንቦት ማርሊስ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ራሷ ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ ቁጥሩን ስትጠይቅ፣ እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት «ዘጠኝ» አለች ማርሊስ። እሱም አልተከራከረም። የሚያፍርለት ነገር አልቀረውም ነበር። መርፌውን ሁለቴ ተወጋ፤ ሁለቴም የሆነውን ጻፈ። ኢንሹራንሱ በሦስት ሳምንት ፈቀደ፣ ነርቮቹም ተተኮሱ። ሰውየው ዳነ። ይህ ሁሉ ከአንድ ዓመት በፊት ሊሆን ይችል ነበር፤ ይህን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን ቨርሊን የሚሠራው የከብት መኖ መደብር ውስጥ ነው። አለቃው እንደ እሱ ያለ ጉልበተኛ አላየሁም ይላል። ባለፈው ሳምንት መኖ ልገዛ ስገባ፣ ከላሞቹ አሥራ ሁለቱን የገዛው ሰውዬ እዚያ ቆሟል።

«ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው» አለው ሰውዬው፣ «ወተቷን ትከለክላለች። ብትራገጥም አይገርመኝም።»

«ሎሬይን ናት» አለው ቨርሊን። «ከመንካትህ በፊት ስሟን ጥራት። ድንገት ስትነካት ትደነግጣለች።»

ሰውዬው ሳቀ። «እኔ ጋ ያለው ስልሳ ላም ሁሉ በስም ይጠራል እንዴ? እሷን በሚቀጥለው ሳምንት ለቄራ እሰጣታለሁ።»

ቨርሊን ሃምሳ ፓውንድ የሚመዝነውን የመኖ ከረጢት በቀኝ እጁ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ሰውዬው መኪና ተሸክሞለት ሄደ።