ለገዛኢ የሚበቃ ጣሪያ

ሽመልስ ከመንዝ ወደ መቐለ የመጣው የእንጨት ሥራ መምህር ሆኖ ነው። ጥቂት አስተምሬ እመለሳለሁ ያለው ሰው ኣበራሽን አገባ፣ ቁሓ ላይ የድንጋይ ቤት ሠራ፣ እዚያው ጡረታ ወጣ። ቤቷ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ናት፤ ግቢዋም ጠባብ። ልጃቸው ገዛኢ ጦርነቱ ሲጀመር እንደወጣ አልተመለሰም፤ ሞተ ብሎ የነገራቸውም አልነበረም። ኣበራሽ ሲመለስ የራሱ ክፍል ይኖረዋል ብላ ተነሳች። ወደ ጎን መስፋት ስለማይቻል፣ ክፍሉ ወደ ላይ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል እንዲሠራ ተወሰነ።

ጎረቤቱ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እያለ ይተርት ጀመር፤ ያለቻቸውን ቤት ሊያፈርሷት ነው ብሎ። ሽመልስ ጆሮም አልሰጠው። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ቆጥ ከጎረቤት ምን ሊማር ነው?

ደረጃው ሳሎኑን እንዳያጣብብ ከጓዳው በር ጀርባ እንዲወጣ አሰበ። ኮርኒሱን የያዙት ቀጫጭን ሞራሌዎች ሰው ስለማይሸከሙ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚዘረጉ ወፍራም አግዳሚዎች አዘጋጀ። የቀትር ቆርቆሮ ሰው እንዳይጠብስ ከሥሩ በኮምፔንሳቶ ሊያለብሰው፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ መስኮት ሊያወጣ አቀደ። ያስቸገረው ቁመቱ ነው። ገዛኢ ቁመተ ሎጋ ነው፣ አባቱን በስንዝር ይበልጠዋል፤ ጣሪያው ካልተነሳ እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሽመልስ ጣሪያ ማንሳት ከባድ ሥራ ነው ቢላት፣ ኣበራሽ ልጄ በገዛ ቤቱ አያጎነብስም አለች፤ ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ግድግዳው ላይ የሚጨመረው ድንጋይ ግቢው ውስጥ ተከመረ።

ሐሙስ ዕለት ሽመልስ ሚስማር ሊገዛ መቐለ ሮማናት አደባባይ ወርዶ፣ ከገዛኢ ጋር የዘመተውን ኣባዲን አገኘው። ኣባዲ እጁን ይዞ ካፌ አስገባውና፣ ገዛኢን በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረው።

ሽመልስ ከዚያ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ሔሩይ ሄደ። ቄሱም መርዶ በአንድ አፍ አይነገርም፣ የኣበራሽ ወንድም ከዓዲግራት ይምጣ፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን እንደርሳለን፣ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው አሉት። ሥራውን ቢያቆም ኣበራሽ ትጠረጥራለች ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ላይ ወጣ። ለሞተ ልጅ ክፍል እየለኩ መዋል፣ ይህን ለጠላትም አይስጥ።

የመለኪያ ገመድ እንድትይዝለት ትንሿ ልጁ ኣርሴማ ተከትላው ወጣች። ኣርሴማ አጭር ናት። እስከዚያ ቀን ሽመልስ ሁልጊዜ በራሱ አናት ላይ ስንዝር እየጨመረ ነበር የሚለካው። ያን ዕለት ግን ገመዱን ከራሷ አናት ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋ እንድትይዘው ነገራት። ለምን እንዲያ እንዳደረገ እሱም አያውቅ።

"ይኸው ይበቃል፤ ጣሪያውን ማንሳት አያስፈልግም" አለ።

ኣበራሽ ከታች መሰላሉን ይዛ ቆማ ነበር። ልኩ ማነሱን አየች። ሽመልስ ወርዶ አጠገቧ ሲቆም፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"ኣንታ ሽመልስ፣ ወደይ፣ ልጄ፣ የለም ማለት ነው?" አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ያ በቃት። መቼ እንደሰማ ጠየቀችው፤ ነገራት። መሰላሉን በሁለት እጇ ጨበጠች። ሽመልስ አሁን ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወንድሟ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀች። ነገ ጠዋት መሆኑን ስትሰማም፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ እንደ ወጉ ይንገሩኝ፣ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ አለች።

"ኣርሴማ እስከ ነገ ወንድም ይኑራት" አለችው።

ከዚያ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ላይ ቀና አለች።

"ኣርሴማ፣ ገመዱን ከፍ አድርጊው። ወንድምሽ ጋ አድርሺው።"

ኣርሴማ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ እጇ ቆርቆሮውን እስኪነካ ተንጠራራች። ከዚህ በላይ አልሄድ አለ ብላ ሳቀች።

"ግድ የለም" አለ ሽመልስ፤ "ጣሪያው ይነሳል።"